ማውጫ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ የወረቀት፣
ውሃው በፈረቃ፣ መብራቱ በምርቃት፤
እኔና ትርሲት አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ከበን
ለሊኑክሱ ዴስክቶፕ ፈላጊ እንቀጥራለን፣
እንደ ቤት ሠራተኛ
ጠባዩን ጠይቀን፣ ምግቡን ገምተን።

የነዋሪው ማኅበር የስምንት ዓመት ወረቀት፣
ቃለ ጉባኤ፣ የውሃ ሂሳብ፣ ያላለቀ ሙግት፣
ሁሉም እዚህ ሆድ ውስጥ ነው፣ ያለ ወግ ተጠቅጥቆ፤
አንድ ደረሰኝ ሲፈለግ ግማሽ ቀን ይሄዳል አልቆ።

የመጀመሪያው ትጉህ ነው፤ ሌት ተቀን ያነባል፣
ያልጠየቅነውን ሳይቀር ቃል በቃል ይመዘግባል፤
ማራገቢያው ይጮሃል፣ ባትሪው ይራባል፤
መብራት ድርግም ሲል ደግሞ
የደረሰበትን ረስቶ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

ሁለተኛው ምስኪን ነው፤ አይበላም፣ አይጠጣም፤
የፋይሉን ስም እንጂ የሆዱን አያወጣም።
«ደብዳቤ»፣ «ደብዳቤ አዲስ»፣ «ደብዳቤ የመጨረሻ»፣
«የመጨረሻ የእውነት»
የኛን ስም አወጣጥ ላየ፣ ይሄ ብዙም አይረባም።

ሦስተኛው ፈጣን ነው፣ ሲጠሩት ብቻ የሚነቃ፤
ትርሲት ልቧ ሄደ። ሞከረችው በጥንቃቄ፣ በጥበቃ።
የውሃ ዕዳ ያለባቸውን ወይዘሮ ፀሐይን ፈለገች።
ለካ ፀሐይ በኛ መዝገብ አራት ልብስ ትለብሳለች፤
ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ፤
አንዷን ሴት አራት ባለዕዳ አድርጎ አቀረበልን፣
ለሦስቱ የላክነው ማስጠንቀቂያ ለምን እንዳልተመለሰ ገባን።

«ውሃ» ብንለውም «ለውሃችን»ን አያውቅም፤
ቃሉ ከፊት ሲገፋ፣ ከኋላ ሲቀጠልበት፣
እንደ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ መሐል ተጣቦ ሲቀር
ፊቱን አይለይም።

ደግሞ ሌላ ጉድ፦ ትናንት ያጠፋነው ፋይል
ዛሬም ስሙ ይወጣል።
ስትነካው «የለም» ይላል።
«ውሸታም!» አለች ትርሲት።
ያኔ ነው መብራቱ የሄደው።

ወረድን። በር ላይ የውሃ ቦቴ ቆሟል፣
ሹፌሩ ብሎክ ሁለት መቶ ዘጠኝ ጠፍቶበታል።
ጥበቃው ኦቦ ዋቅቶላ ባትሪያቸውን አብርተው
«ሽምብራው ጋ ስትደርስ ታጠፍ፣ ግራሩ ሥር አቁመው» አሉ።
«የቱ ሽምብራ፣ አባቴ?»
ብርሃኑ ሄደ፤ ኮብልስቶን፣ የቆመ ባጃጅ፣
በረንዳ ላይ የረሱት የሕፃን ልብስ፣
ከዚያ ደግሞ ወደ መሬት፣
ዋልካው በስንጥቁ በኩል ጥቁር ሆኖ ወደሚታይበት።
ዝም አሉ።
ከዚያ «በቀኝ ነው፣ ሦስተኛው» አሉ፣ እንደ ማንኛችንም።

በማኅበሩ ፋይል ውስጥ «ዋቅቶላ» ብለን ብንፈልግ
የሚወጣው ዘጠና ስድስት የደመወዝ ፊርማ ነው።
ሽምብራ ብንል ምንም።

መብራት ሲመጣ ሦስተኛውን ቀጠርነው።
ትርሲት እጅጌዋን ሰብስባ ፊደሎቹን ታስታርቅ ጀመር፤
ሀ ከሐ፣ ሰ ከሠ፣ ጸ ከፀ፣
በየቤቱ የተኳረፉ ወንድማማቾች ይመስል።
ቅጥያዎቹን ከፊትም ከኋላም ገፈፈች፤
ወይዘሮ ፀሐይ አንድ ሴት ሆኑ፣ ዕዳቸውም አንድ።

«የጠፋ ፋይል ስምስ? ወዲያው ይፋቅ?» አለችኝ።
ትክክሉ መፋቅ ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን።
ዜሮ የነበረውን ቁጥር ሠላሳ አደረግኩት።
«ሠላሳ ቀን? ለምን?»

መልስ አልነበረኝም።
ከታች ቦቴው ቦታውን አግኝቶ
ሞተሩን ሲያጠፋ ተሰማ፤
ባልዲ ከባልዲ እየተጋጨ
ሰው ሁሉ ደረጃውን ይወርድ ነበር።