ጠብ

ባሕሩ ሲመጣ በር አላንኳኳም፤
የማሌኮንን ግንብ ለመዝለል አልሰጋም።
ከቀትር በኋላ ሰማይ ሲጠቋቁር፣
ሬዲዮኑ ስለ ንፋስ ቁጥር ሲናገር፣
ሐቫና በመስኮት፣ በጣውላ፣ በምስማር፣
ስትመታ፣ ስትደፍን፣ ስትጨቃጨቅ ነበር።

መጀመሪያ መንገድ፣ ቀጥሎ መኪና፣
ያ የኦስማኒ ቀይ፣ የድሮ ቁመና፣
ጣራው ብቻ ቀርቶ እንደ ኤሊ ጀርባ፣
ፋኖሱ ውኃ ውስጥ ሳይጠፋ ሲያነባ።

ከዚያ ደረጃችን።
ያኔሊስ በሻማ ጎንበስ ብላ ታያለች፣
«አራተኛው ጠፋ! አምስተኛው!» ትላለች፤
መቁጠር የተማረች በዚህ ዓመት ነውና፣
ድምጿ ውስጥ ደስታ አለ፤ ልጄ ልጅ ናት ገና።

ምድር ቤት ያለው ሰው ኤቫሪስቶ ይባላል፣
ማራገቢያ ጠጋኝ፣ ብቻውን ይኖራል።
ከበላዩ ሶራይዳ።
በመካከላቸው አንድ ጣራ፣ አንድ ቧንቧ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማትደርቅ እንባ።
ጠብ አለ ከቧንቧው፣ ጠብ ሆነ በቤቱ፤
አልጋውን ቢያዞረው ተከተለው ቅጥቅጡ።
እሱ በመጥረጊያ ጣራ ሲደበድብ፣
እሷ በተረከዝ፣ ሌሊት፣ ያለ ገደብ።
የልደት ኬክ እንኳ በሩን እያለፈ፣
እኛ ጋ ይደርሳል እሱን እየገደፈ።

እኩለ ሌሊት ላይ ሰባተኛው ጠፋ፤
ንፋሱ ከላያችን ቆርቆሮ እየገፋ።
የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ በር
ከግድግዳ ግድግዳ ሲላጋ ነበር።

ኤቫሪስቶ ወጣ፣ እስከ ደረት ርሶ፣
ግልገል አሳማውን ሸሚዙን አልብሶ።
በሶራይዳ ደጃፍ ቆመ። አላንኳኳም።
በጣራ እንጂ በበር ማንኳኳት አያውቅም።
እሷ ናት የከፈተች። ምን አለች? ምንም።
(እዚያው ነበርኩ እኔ፤ ሰማሁ ግን አልልም።)
ብቻ አሳማውን ከእጁ ወሰደችው፣
ፎጣ አነጠፈች፣ ቀስ ብላ አስተኛችው፣
በዚያው ባጣላቸው፣ በሚያፈሰው ገንዳ፣
እንደ ልጅ ጓደኛ፣ እንደ ክብር እንግዳ።

መብራቱ ከሄደ በረዶው ቀለጠ፤
ማን ምን እንደደበቀ ያን ሌሊት ተገለጠ።
«የለኝም» ባይዋ ሁለት ዶሮ አወጣች፤
እኔም የሸሸግኳት ቅቤዬ ተያዘች።
ከአንድ ድስት በላን፣ ደረጃው ላይ ቆመን፣
ከሥራችን ባሕር ሲያኝክ ወንበራችንን።

ከማዶ ሕንፃ ላይ አንዱ በባትሪ ይጠቅሳል፤
ኦስማኒ በባትሪ «አለን» ይመልሳል።
ሌላም መስኮት ነበር። ጠቀስን። ጠቀስን።
ስለዚያኛው መስኮት
አላወራም።

ሊነጋጋ ሲል ባሕሩ ቆመ፣
ስምንተኛው ላይ ቆጠራው አከተመ።
ኤቫሪስቶን አየሁት፣ ተንበርክኮ ሲያጠና፣
ከገንዳው ሥር ሆኖ በሻማ ጭላንጭል ገና።
«ይህቺ ናት?» አላት። «ይህቺው ናት» አለችው።
የእርሳስ ታህል ቧንቧ። ሳቁ አመለጠው፤
ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ ደግሞ ሌላ፣
ሶራይዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች በኋላ።

ውኃው በሦስተኛው ቀን ሄደ።
ጭቃ ትቶ፣ የናፍጣ ሽታ፣
ባለቤት የሌለው የግራ እግር ጫማ፣
በግድግዳው ላይ ደግሞ ቡናማ መስመር፣
ከኤቫሪስቶ አገጭ ትንሽ ከፍ ያለ።
ፍራሹን አወጣ። ማራገቢያዎቹን
እንደ ሞቱ ወፎች ፀሐይ ላይ ደረደረ።
ኬክ እስካሁን አልተጋገረም፤ ዱቄት የለም።

ቧንቧውም አልተጠገነም።
ማያያዣ ጠፋ በከተማው ሁሉ፤
ጠብ ይላል ዛሬም፣ እንደ ድሮ አመሉ።
ማታ ግን ስተኛ በግድግዳው በኩል
እሰማለሁ፦ ከታች መጥረጊያው፣ ሁለቴ።
ጥቂት ዝምታ።
ከላይ ተረከዟ፣ ሁለቴ።
ያኛው ጠብ ይሁን ወይ ሌላ፣ እኔ ምን ዐውቄ፤
ያኔሊስ ብቻ፣ እንቅልፍ እየጣላት፣
«ሁለቱም አሉ» ትላለች፣
ቆጥራ።