ነገ ና

አውቶብሱ ነገ ነው፣ በዐሥራ አንድ ሰዓት፤
ትኬቱ ኪሴ ውስጥ፣ ሦስት ቦታ እጥፋት።
ዛሬ ግን የእኔ ናት፤ ከጧት እስከ ማታ፣
ፊርማ የሌለባት፣ አለቃና ጌታ
የማይጠራኝ ቀን።

ሳሙና ፊቴ ላይ፣ ማልሁ ከውኃው ፊት፦
"ዛሬ ሥራዬ አንድ ነው፤ ጎንደርን ማየት።"
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በቅየሳ መሣሪያ፣
በአሮጌው መነጽር፣ በአንዲት ዐይን ማያ፣
ተገልብጣ አየኋት፤
ሰማይዋ ከታች፣ መንገዷ ከላይ፣
ሰዉ ዐናቱን ተክሎ ሲጓዝ ቅዳሜ ገበያ።

የፋሲልን ግንብስ? ከአጥሩ እስከ መንገድ
ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ፣ በሜትር፣ አንድ በአንድ።
ውስጡ ምን እንደሚሸት፣ ድንጋዩ ሲነካ
ይቀዝቅዝ፣ ይሙቅ እንጃ፤ አልገባሁም ለካ።

ልገባ ነው ዛሬ።

መጀመሪያ ዕዳ፤ ወይዘሮ አንጓች ሱቅ።
ደብተሯን ስትገልጥ፣ ገጹ አያልቅ፣ አያልቅ፦
የካቲት ላይ ሻማ፣ ሚያዝያ ላይ ሳሙና፣
ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ሳሙና እንደገና።
የሦስት ዓመት ኑሮዬ በእርሳስ ተጽፎ
በሰማንያ ብር ተዘጋ ተጣጥፎ።
ሁለት ብር መለሰች፤ ዐይኔን እንኳ ሳታይ፣
"ቆላ ነው አገሩ፤ ተጠንቀቅ ከፀሐይ"
አለችኝ፤ ሌላ ገዥ ጠራች።

ከዚያ ደግሞ ፍራሽ፤ ለይማም ሰጠሁት፤
ባጃጁ ጣራ ላይ በገመድ ጠፈርሁት።
ማራኪን ስንወጣ፣ ሞተሩ እያጓራ፣
እንደ ሰከረ ሰው ሲያጋድል ወደ ግራ፣
ሾፌሩም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤
ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ አሁንም እዚሁ አለሁ፣
ግንቡን ሳላይ።

ፒያሳ፣ ፖስታ ቤት፣ ከጣልያን ፎቅ ሥር፣
አያ ፈንቴ አለ፣ ከወስፌው ጋር ሲማከር።
ጫማዬ እሱ ዘንድ ነው፣ ከጥምቀት ማግሥት አንሥቶ፤
ስሄድ "ነገ ና" ነው፤ ስሄድ "ነገ ና"፤ ሰኔም ገባ፣ ከርሞ፣ ሰንብቶ።
ዛሬም ቀና አለ፣ ክሩ በከንፈሩ፦
"ሙጫው መች ይደርቃል፣ በዚህ በዝናቡ?
ሶሉ ነው የቀረው፤ ሌላ ነገር የለም።
ነገ ና።"

ልነግረው ነበረ።
"ነገ እኮ የለሁም፤
ነገ በዚህ ሰዓት ሸኸዲ ነኝ" አላልሁም።
ዙሪያውን የቆመው የሰው ጫማ ሁሉ፣
ምላሱን አውጥቶ፣ ከነቀዳዳው፣ ከነሶሉ፣
መልሴን ይጠብቃል።
"እሺ አያ ፈንቴ፤ ነገ እመጣለሁ።"
ከልቤ ነው ያልሁት። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቀው።

ግንቡ በር ስደርስ ዐሥራ አንድ ተኩል ሆኗል፤
ዘበኛው ቁልፉን በጣቱ ያሾራል።
"ተዘጋ ወንድሜ፤ ትኬት ቆራጩ ሄዷል።
ነገ ና፤ ጧት ሁለት ሰዓት ይከፈታል።"
"እሺ" አልሁት እሱንም።
ጥቂት ዕልፍ ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣
አጥሩን በመዳፌ ነካሁት።
ዝናብ ሲጠጣ የዋለ ድንጋይ ነው፤
ይሞቃል።

ማታ የአከራዬ ልጅ፣ ማስተዋል፣ መጣች፤
የሜትር ገመዴን "ስጠኝ" አለች፤
ሰጠኋት። ባዶ ክፍሌን ለካች፣ ከግድግዳ ግድግዳ፦
"ሦስት ሜትር ከሃያ።"
ደግማ ለካች።
"ይችው ናት?" አለች።
ይችው ናት።

አሁን አዘዞን አልፈናል። ገና አልነጋም።
እግሬ ላይ ሸበጥ ነው፤ ጭቃ ነክቶታል።
አያ ፈንቴ ይሄኔ
ላስቲኩን ዘርግቶ፣ ሣጥኑን ከፍቶ፣
ጫማዬን ከሁሉ ፊት አውጥቶ ይሆናል።
ሌሊቱን አልዘነበም።
ሙጫው ደርቆ ይሆናል።