እስከ እሑድ

ዓርብ ማለዳ፣ ኦፋኪም፣ ከጋራዤ ደጅ፣
እየሳለች መጣች የመስዑድ ፒክአፕ፣ የፓቲሽ ቃሪያ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ።
ነጭ ነበረች ሲሏት፤ የበረሃው አቧራ ቀለሟን ወስዶ
ከበሯ የቀረው የድርጅት ስም ግማሹ ነው፣ ሌላው ተልጦ ሄዶ።

ጭሷ ግን ነጭ ነው፤ ነጭ ጭስ ደግ ወሬ አያመጣም፤
ውሃ ከማይገባበት ካልገባ፣ ከማርሚታ እንፋሎት አይወጣም።
ዘንጓን ሳብኩ፤ ዘይቱ አጓት መስሏል፤
«የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው» አልኩ፤ «ተቃጥሏል።»
(እዚህ «ሮሽ» ይሉታል፤ ራስ ማለታቸው ነው፤
እኔ ግን ጎንደር የለመድኩት የጣልያን ስም ካፌ አልወጣ አለ፣ ምን ላድርገው?)

መስዑድ የመጣው በሌላ ሕመም ነው።
ላስቲክ አሳየኝ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ፣
የማርሹን ዱላ ከወንበሩ እግር የሚያስርበት።
«ሦስተኛ ሳስገባ ቁልቁለት ላይ ትተፋዋለች፤
ስድስት ወር በጉልበቴ ደገፍኳት፤ አሁን ጉልበቴም አረጀች።»

ኤልካና፣ የእህቴ ልጅ፣ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ከመሪው ሥር ተንበረከከ፤
መሰኪያ ፍለጋ ዳበሰ፣ አቧራ ቧጠጠ፣ ራሱን አከከ።
«ምኗ ላይ ነው የምሰካው?»
«የላትም። እሷ ስትወለድ፣ በሽተኛ በራሱ አፍ ነበር የሚናገረው።»

ረጅሙን ካቻቢቴ አነሣሁ፤ ጫፉ ካምቢዮው ላይ፣ እጀታው ከጆሮዬ ሥር፤
ብረት የደበቀውን እንጨት ያወጣዋል፣ ቢዘገይም አይቀር።
ኩሽኔታው ያጉረመርማል፤ ገና ነው፣ አንድ ክረምት ይቆያል፤
ጥርሱ ደኅና ነው፤ ከዱላው ሥር ግን አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ጣላት» አልኩት። «ለቁራሌው ስጣት።
ጤስቷ በሚመጣው ወር ነው፤ በዚህ ጭስ ማን ያሳልፋታል?»
ሲጋራውን ከጆሮው አወረደ፣ አየው፣ መልሶ ሰካው።
«ክፈታት» አለ፤ «ሳያይ ማን ይፈርዳል?»

ከፈትናት። ክዳኑ በዘይትና በአሸዋ ተጋግሮ ነበር፤
ኤልካና በናፍጣ አጠበው፤ ቆም አለ፤
«አጎቴ፣ ይሄ ስንጥቅ ነው? ወይስ ሰው የጫረው ነገር?»

አየሁት።
፫።
በምስማር የተጫረ፣ አንድ እግሩ የወለመ ፫።

ከክዳኑ ሥር ሞላው፤ ከሞላው ሥር ምስር የምታክል ብረት፣
ከተሰበረ መጋዝ የተቆረጠች፣ በሞረድ ሳይቸኩሉ የከበቧት።
ያኔ የሰው ጋራዥ ነበር፤ እኔ ወለል ጠራጊ፣ ዕብራይስጤ አራት ቃል፤
ጌታዬ ፊሊክስ፣ «ለጊዜው አንድ ነገር አድርግላት፤ እሑድ ሞላው ይመጣል።»
እሑድ መጣ። ሞላው አልመጣም። የጠየቀም የለም።
ሃያ ስድስት ዓመት ቃሪያ ተሸክማ ወጣች፣ ወረደች፤
ለዚያች ብረት፣ ጊዜያዊ ነሽ ብሎ ማንም አልነገራትም።

መስዑድ አጎነበሰ። «አንተ ነህ እንዴ? ያ ቀጭኑ?
እኔኮ ዲዳ መስለኸኝ፣ ሒሳቡን በጣት ነበር የቆጠርኩልህ!»
«አራት ቃል ነበረኝ» አልኩት፤ «ሁለቱ ስድብ ናቸው።»

ብረቷ ሳስታ የዓሣ ቅርፊት ሆናለች።
ለሷ የሚሆን ሞላ ዛሬም የለም፤ መሥራት ካቆሙ ቆዩ።
ኤልካና መጋዝ ሰበረ፤ ሲሞርድ፣ ሲለካ፣ ሲጥል፣ እንደገና ሲሞርድ
እኩለ ቀን አለፈ፤ ሁለት ጣቶቹ ተላጡ።
ክዳኑን ሊገጥም ሲል ምስማር አነሣ፤
ከ፫ አጠገብ አንድ ጊሜል ጫረ፤ ምስማሩ አምልጦት ጭራዋ ረዘመ።
እኔ አላዘዝኩትም።

ጓርኒሲዮኑ እስከ እሑድ ይቆይ አልኩ፤
ለመንገዱ ሁለት ጀሪካን ውሃ ጫንኩ።
መስዑድ ላስቲኩን ወለሉ ላይ ጥሎት ሄደ።
እጄን ሳልታጠብ ደጅ ቆሜ ሰማኋት፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣
ትንሽ ዝምታ፣
ሦስተኛ።
እስከ አደባባዩ አልተፋችም።
ከዚያ ወዲያ ያለውን የሰንበት ሳይረን ዋጠው።