የለውጥ ምክንያት

ሐሙስ ነው፤ ሻርጃ፣ ከሮላ አደባባይ ጀርባ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ፀሐይ ስትገባ፤
ከታች፣ የገንዘብ መላኪያው መስኮት፣ የተጠማዘዘ ወረፋ፣
ከላይ፣ እኔና ስክሪኑ፣ ማቀዝቀዣው ሲያንኮራፋ።

አንዲት ሣጥን ከፈትኩ። በውስጧ አንድ ቁጥር፦
«ስልኩን የሚጋራ ላኪ፣ ሁለት ነጥብ ይቆጠር»።
ሱዲር፣ አለቃዬ፣ ሻዩን እያማሰለ፣
«ኦዲተር ሊመጣ ነው፤ ትንሽ ጠበቅ አድርጊው» አለ።
ትንሽ።
ሁለት የነበረው አራት ሆነ፤ ጣቴ እንኳ አልደከመኝ።
«የለውጥ ምክንያት» የሚል ጠባብ መስመር ጠየቀኝ፤
«ማስተካከያ» ብዬ ሞላሁት፤ አመሰገነኝ።
ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። አውቶቡሱም አላመለጠኝ።

ጦይባ ስልክ አላት።
ይኼን እንደ ቀላል ነገር አትዩት።
የሌሎቹ ስልክ በማዳሞቹ መሳቢያ ነው ውሎ አዳሩ፤
መስኮቱ ላይ «ቁጥርሽ?» ሲባሉ፣ የእሷን ነው የሚናገሩ፤
አሥራ አንድ ሴቶች፣
ሙስሊሟ እንደ ፋቲሓ፣ ክርስቲያኗ እንደ አቡነ ዘበሰማያት፣
በቃላቸው ይዘውታል፣ ሳያጎድሉ አንዲት።
ፕሮግራሙ ይኼን ከየት ይወቅ?
እሱ የሚያየው አንድ ስልክ፣ አሥራ አንድ ስም፤
ለእንዲህ ያለው ነገር እሱ ዘንድ ደግ ትርጉም የለም።

አርብ የሉባባ ገንዘብ ታገደ።
የታገደን ሰው የሚጠብቅ ሌላ ሕግ አለ፣ እኔ ያልነካሁት፣
ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ጽፎት የሄደ፦
«ቀድሞ ለታገደ ሦስት ይጨመር»።
ተጨመረ። ጣሪያዋ ወረደ።
ጣሪያ ስል፣ በወር መላክ የምትችለውን ነው፤
የእናቷ ጣሪያ ግን፣ ሃርቡ ያለው፣ ቆርቆሮ ነው የጎደለው፤
ሰኔ ደግሞ ነጥብ ቆጥሮ አይመጣም።

ሌላም ሕግ፦ ብዙ ያገደ ቅርንጫፍ ቀለሙ ይለወጣል፤
ቀለሙ ሲለወጥ የሮወና ጉርሻ ይቀራል።
ሮወና የመስኮቷ ልጅ ናት፣ የሴቡ፤ ክፉ አይደለችም፤
ግን ከዚያ ወዲህ የእኛን ፓስፖርት ስታይ
እጇ ይዘገይ ጀመር፣ ዓይኗም ወደ ሰዓቱ፣ ወደ ላይ።
ይኼ መዘግየት በየትኛውም ሣጥን ውስጥ አልተጻፈም።

ሴቶቹ ወረፋውን ተዉት።
ካርጎ የሚጭን አንድ ሰው ነበር፣ አፈ ቅቤ፣
«ነገ ይደርሳል» ሲላቸው በፌስታል ጠቅልለው ሰጡት።
ነገ መጣ።
ሰውዬው አልመጣም።

ሰኞ ሰንጠረዤ አረንጓዴ ነበር፣ ከዳር እስከ ዳር።
ሱዲር ደስ ብሎት «አየሽ? አደጋው ቀነሰ» አለኝ።
አልቀነሰም።
እኔ ከማየው ሜዳ ወጥቶ ሄደ እንጂ።

ማክሰኞ ሊፍቱ ደጃፍ ጦይባ ጠበቀችኝ፤
ያገሯ ልጅ መሆኔን ከማን እንደሰማች አላውቅም።
ስልኳን በሁለት እጇ፣ እንደታመመ ጫጩት ይዛ፣
«እህቴ፣ ይኼ ስልክ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

ተመልሼ ገባሁ። አራትን ሁለት አደረግኩት።
ቁጥሩ ተመለሰ። ሉባባ አልተመለሰችም፤
«ቀድሞ ታግዳለች» የሚለው እዚያው ነው፣
ቁስሉ የተሰረዘ፣ ጠባሳው የቀረ።
እኔ የነካሁትን አውቃለሁ፤
እሱ ደግሞ ምን ምን እንደነካ ማን ቆጠረ?
አንዲት ክር መዘዝኩ ስል፣ ጥለቱ ተኮማትሮ መጣ።

ጠባቡ መስመር እንደገና ጠየቀኝ፦ «የለውጥ ምክንያት»።
ከሃምሳ ፊደል በላይ አይችልም። ጻፍኩ፦
«ስልኩ የጦይባ ነው። አሥራ አንዱ ሴቶች የተጋሩት ማዳሞቻቸው ስልካቸውን ስለሚቆ»
እዚያ ላይ ቦታው አለቀ።
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፣
ቀሪውን ጠብቃ።