ሰማያዊ ክር

ጠዋት እኔ ስከፍት፣ ማታ ይርዳው ሲዘጋ፣
የአባባ ላውንደሪ አለ፤ ክረምት ከበጋ።
ቃል የለም። ወረቀት ነው፣ ከማሽኑ የሚለጠፍ፦
«የሁለት መቶ አሥሩን እጅጌ እዪው» — ስሜን እንኳ ሳይጽፍ።

የቀብሩ ማግስት ነበር ቁልፍ የቀየረብኝ፤
በኤድመንተን በረዶ፣ በር ላይ ያስቆመኝ።
ጠበቃ ሸነሸነን፤ ለእኔ ንጋት፣ ለእሱ ምሽት፤
የአባባ ካፖርት ብቻ ተንጠልጥሏል፣
ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ባለቤት።

ዛሬ ሳልፍ ነካሁት። ሦስተኛዋ ቁልፍ፣
ሆስፒታል የጠፋችው፣ ተተክላለች። በቀይ ክር።
ሰማያዊ አልቋል ብዬ ማክሰኞ ጽፌ ነበር።

ወንድሜ ዳግመኛ ቁልፍ ቀየረ።
ብዙ ጻፍኩ፤ ቀደድኩ። አንድ መስመር ቀረ፦
«ሰማያዊ ክር መጥቷል።»