ስም እንደ ካፖርት

ጌንት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ካረጋውያኑ ቤት
ሌሊት ነው ሥራዬ፤ ክኒን ማደል፣ አንሶላ መለወጥ፣ ውሃ በየሰዓት።
በየበሩ ግንባር በነሐስ ተቀርጾ ይታያል
የዱሮ ሴቶች ስም፤ ብዙው ጠሪውን ቀብሯል።
ኾደሊቭ፣ ሌዮንቲን፣ ኦርታንስ፣ አልፎንሲን፤
ጮክ ብዬ ሳነባቸው ይሸቱኛል፣ ብል የጎበኘው ቁም ሳጥን።

ኅዳር ነው። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ።
ባሌ ደረበ ትራም ይነዳል፤ እንዲህ ሲል እሰማለሁ፦
«አጭር ስም ይሁንላት፤ አስተማሪ አፍ ላይ የማይሰበር፤
ኤማ እንበላት በቃ፤ ኤማ ማንንም አያስቸግር።
እኔስ ዲርክ ሆኜ የለ፣ ደረበ መባሌ ቀርቶ በዚህ አገር?»

እኔ ግን ስምም ይዣለሁ፤
ያባቴን አክስት፣ የእስቴዋን፣ ነገር የጠናበት ሁሉ
በጨለማ በሯን የሚመታ፣
ምስጢር አታወጣም ብለው የሚያሟት፦
እማዋይሽ።
ግስ ያለበት ስም ነው፤ ሲጠሩት ወሬ ይጀምራል።
ዛሬ ካገርም ጠፍቷል፤ ማን ልጁን እንዲህ ይላል?

ክፍል ዐሥራ አራት፣ ኾደሊቭ፣ ዘጠና ሦስት ዓመቷ፣
እንቅልፍ እንቢ ሲላት እኔን ነው መጥራቷ።
«በኛ ክፍል» አለችኝ፣ «አምስት ኾደሊቭ ነበርን፤
መምህሯ እንደ በግ ቆጥራ፣ ሦስተኛዋ አለችኝ እኔን።
ዛሬ አንዲት ሕፃን የለችም። የልጅ ልጄ ግን ባለፈው ሳምንት
ሌዮንቲን ብሎ አወጣ። ስም እንደ ካፖርት ነው፤
ያልጣለው ይለብሰዋል፣ ብርዱ የተመለሰ ለት።»
ከዚያ የኔን ጠየቀች። ነገርኳት። እንደ ዳቦ ቆረሰችው፦
«ኤማ... ዋይሽ።»

ጠዋት ለደረበ ስነግረው፣ ካልሲውን እንደያዘ ሳቀ፤
የሱ ኤማ ከኔ ስም ውስጥ ተኝታ መኖሯን ዐወቀ።
እኔ ወዲያው አልሳቅሁም፤
ኤማን ትምህርት ቤት ሲወስዳት፣ ለኔ የሚተርፈኝ ዋይ ነው።

ታኅሣሥ ሲያልቅ የነሐሱን ሰሌዳ ፈቱት፤
በሩ ላይ ሁለት የብሎን ቀዳዳ፤ ጣቴን አስገባሁበት።
ሌሊት የማዋያት ሰው አጣሁ።

ጥር፣ ማዘጋጃ ቤት። ልጅቷ በደረበ ክንድ ላይ ተኝታለች፤
እማዋይሽን ፊደል በፊደል አጻፍን፤ ጸሐፊዋ አልተቸገረች።
«ሁለተኛ ስምስ?»
«ኾደሊቭ» አልኩ።
እጇን ከቁልፎቹ አነሣች፤ «ይሄን ደግሞ ዛሬ ማን ያወጣል?
የኛ ሰው እንኳ ትቶታል።»
ደረበ እኔን አየ፤ ብዕር ተቀበለ፤
ፈረመ። ስም በስም ላይ ደረበ።