የብልቃጡ እምብርት

ማክሰኞ ማለዳ፣ ዝናብ እያካፋ፣
ከጨረታው ቤት በር ዣንጥላ አራግፋ፣
አንዲት ሴት ገባች፤
በድሮ ጋዜጣ የጠቀለለችውን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታች።

ብልቃጥ ነው። ቁመቱ ስንዝር ከአራት ጣት፣
አንገቱ ላይ ማር፣ ወገቡ ላይ ወይን፣ እግሩ ላይ ሌሊት።
«ያሳደገችኝ አክስቴ ተወችልኝ፤ የማን ሥራ እንደሆነ ንገረኝ፤
ልሽጠው አልሽጠው ኋላ እወስናለሁ፤ ስሙ ነው የቸገረኝ።»

ሥራዬ ይኸው ነው። ፕራግ ላይ ሠላሳ ዓመት ኖርሁ
ስም ለጠፋባቸው ስም እየፈለግሁ፣
«ነው» ማለት ስፈራ «ይመስላል» እያልሁ።

ገለበጥሁት።
ፊቱንማ ማን ያላሳመረ፤ ብርጭቆም እንደ ሰው፣
እውነቱን የሚያወጣው ቂጡን ሲያዩት ነው።
ፊርማ የለም። የተለጠፈ ወረቀት የለም። የተፋቀ ቁጥር እንኳ።
አለ ግን እምብርት፤
ከብረቱ ዘንግ ጫፍ የተላቀቀበት፣
በድንጋይ ተፍቆ የለሰለሰ ጉድጓድ።
እዚህ ላይ ተቆርጦ ከእሳቱ ተለየ፤
እትብቱ የት ወደቀ? ማን አዋለደው? ማንስ ቆሞ አየ?

ባልደረባዬ ሉቦር ወደ አምፖሉ አንሥቶ አሽከረከረና፣
«ሙራኖ ነው» አለኝ፤ «ከጣልያን በቀር ወይንን ከማር የሚያጋባ ማን አለና!»
አለቃችን «ስዊድን» አለች፤ «ክብደቱን እየው፤
ብርድ ያለበት አገር ነው ብርጭቆን እንዲህ የሚያወፍረው።»
እኔ ዝም አልሁ። አንድ ነገር ከነከነኝ፤
ከውስጥ የተጠመዘዙት መስመሮች ወደማላውቀው ጎን ዞሩብኝ።

ቅዳሜ በባቡር ወደ ሰሜን ወጣሁ፣ ወደ ድሮ ብርጭቆ ነፊዎች መንደር።
ምድጃው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ጭስ ማውጫው ላይ ሽመላ ጎጆ ሠርቶ ነበር።
ወይዘሮ ቦሁሚላ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ፣
ቁልቋል ከደረደረችበት መስኮት ሥር ተቀምጣለች፤ ድመት ከጉልበቷ።
መነጽሯን ባቀብላት እምቢ አለች። ዓይኗን ጨፍና፣
አውራ ጣቷን እምብርቱ ውስጥ ከታ፣ ጠምዛዛውን በጥፍሯ ተከተለችና፣
ሳቀች።

«ግራኝ ነው» አለች።

«ባሌ ኦታካር። ሌላው ሁሉ ቱቦውን በግራው እያሽከረከረ በቀኙ ይቀርፃል፤
የእሱ ተገልብጧል።
አለቃው አይወድለትም፤ ስለዚህ ቀን ቀን ቀኝ እጅ፤
ማታ ግን፣ ፈረቃው ሲያበቃ፣ ከሸክላው ሥር በተረፈች ጭላጭ፣ በገዛ እጁ ለወዳጅ።
ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ አንዴም ለጥርስ ሐኪም፤ ሁለት መንጋጋ በነጻ ነቀለለት።
ፊርማማ እንዴት ይፈርም? በተሰረቀ ብርጭቆ ላይ ስም አይጻፍበት!»

«ከማን አገኘኸው?»
«ከአንዲት ሴት። የአክስቷ ነው። ሊቡሼ ይሏታል።»

ድመቱ ወረደ።
ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ወይኑ ግድግዳው ላይ ነደደ።
«ይህ ቀይ» አለች ቀስ ብላ፣ «ወርቅ ይገባበታል። ከየት አምጥቶ ይሆን?
ለእኔ የሠራልኝ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ከብረት ዝገት ነው የሚሆን።»
ሰዓቱ ቆጠረ፤ እኔ ኮፍያዬን አሸሁ።
«ጻፈው» አለችኝ፤ «ሥራው የእሱ ነው። ለማን እንደሰጠ ግን አልጠየቅኸኝም፤ አልሰማሁ።»

ሉቦር ካርዱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤
«ሙራኖ ብትለው አሥር እጥፍ ያወጣ ነበር» ብሎ ተሳለቀ።

ማክሰኞ ሴቲቱ መጣች። ቆማ አነበበች፦
«የኦታካር ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ የተሠራ።»
«ማነው ኦታካር?» አለች።
«ብርጭቆ ነፊ ነበር» አልሁ፤ ሌላ አልጨመርሁም።
አልሸጠውም አለች። ጋዜጣዋን ዘረጋች፣ ጠቀለለች፤
እስክሪብቶ ሰጠኋት ለደረሰኙ፤ ወረቀቱን አጣመመችና
በግራ እጇ ፈረመች።